ቤንዚኗ፣ ናፍጣዋና የአባባ ባትሪ

ኅዳር 9
ከመንገድ ሥራው ካምፕ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ነው? እኔ ከአቧራውና ከአለቃዬ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም። እዚህ ስልክ አይሠራም፤ ደብዳቤ የሚወጣው ነዳጅ የሚያመጣልን ቦቴ ሲመለስ ነው። ቦቴው ደግሞ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። ማን ሊጠግነው? እኔው። እንግዲህ ጥፋቱ የሜካኒኩ ነውና ሜካኒኩን ይቅር በይው።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ሁለት አሮጌ መኪና ለሽያጭ አግኝተሻል፤ አንዷ የሒሳብ አስተማሪው የቤንዚን መኪና፣ ሌላዋ የከብት ሐኪሙ የናፍጣ ፒክአፕ። የቱ ይሻላል ነው ያልሽኝ። ይህን ለሜካኒክ የጠየቀ ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጥ፤ መልሱ ረጅም ነው።

ቤንዚኗ ጠዋት ቁልፍ ስታዞሪላት ሳታንገራግር ትነሳለች። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ ጭሷ የተሰጣ ልብስ አያጠቁርም። ግን ጠጪ ናት። ዳገት ላይ ትሞቃለች፤ ካርቡራተሯ ውስጥ ትንሽ ቆሻሻ ከገባ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ትገትራለች። ናፍጣዋ ጠዋት ታጉረመርማለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ሰፈሩን በጭስ ትሸፍናለች፣ ሩጪ ቢሏት አትሮጥም። አንዴ ከሞቀች ግን አገር ታቋርጣለች፤ በአንድ ሙሉ ታንከር ቤንዚኗን ጥላት ትሄዳለች። የማትወደው አንድ ነገር ቢኖር አጭር መንገድ ነው። ሳትሞቅ እየተነሳች እየጠፋች ከከረመች ውስጧ በጥላሸት ይታፈናል። የናፍጣ ሞተር ካልሄደ ይታመማል፤ እኔ ስንቱን ቆሞ የታመመ ሞተር ፈትቻለሁ።

ስለዚህ የት ልትሄጂባት ነው? አባባን ሐኪም ቤት ለማድረስና ለገበያ ከሆነ ቤንዚኗን ግዢ ብዬ ነገሩን ልዝጋው። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ የከነከነኝ ነገር አለ። "ሙሉ ታንከር ምን ያህል ያስኬዳል?" ብለሻል፤ ይሁን። "ከሁለቱ ስትሄድ ድምጿ የማይሰማው የትኛዋ ናት?" ያልሽው ግን ምንድነው? ገዢ ስለ ጎማ ይጠይቃል፣ ስለ ቀለም ይጠይቃል፤ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገር በሆድ መያዝ ታውቂበታለሽ። ከሌባ ጋር ካልተሻረክሽ በቀር ንገሪኝ።

ወንድምሽ
ጥቁር እጁ


ኅዳር 28
ከቤት

ለወንድሜ ለጥቁር እጁ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ቦቴውን የጠገነውን ሜካኒክ ይቅር ብዬዋለሁ። ሸሚዝህን ሰፍቼ በዚያው በቦቴው ልኬልሃለሁ፤ እጅጌውን ረዘም አድርጌዋለሁ፣ ስትጎነብስ እንዳይሸሽህ።

ከሌባ ጋር አልተሻረክሁም፤ የምሰርቀው ራሴን ነው። ላልነግርህ ነበር፤ ሩቅ ያለን ሰው ማስጨነቅ ምን ያደርጋል ብዬ። የፈትል ፋብሪካው ከተማ ውስጥ ያለው የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት የቅድ አስተማሪ ይፈልጋል። ለጎረቤታችን ልጅ የቆረጥኩትን ካፖርት ዳይሬክተሯ አይታው ነው አሉ፤ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። የስፌት ማሽኔን ይዤ መሄድ አለብኝ። ከሥራው ጋር አንድ ክፍል ይሰጣሉ። ለአንድ ሰው የሚሆን ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ስለ ደሞዙ አንዴም አላሰብኩም፤ የማስበው ስለ በሩ ነው። ይኸው ፀጉሬ ሸበተ፣ ከውስጥ ቆልፌ የተኛሁበት በር ግን የለኝም። አባባ መኝታ ቤቴን መዝጋቴን አይወድም። "ብሞት ማን ይሰማኛል?" ይላል። ጎኔን ባዞርኩ ቁጥር "ተኛሽ?" ይላል። ወንድሜ፣ አባቴን እወደዋለሁ፤ ግን እዚህ ቤት ውስጥ አየር አጥሮኛል።

አውቶቡስ ምን ሆነ ትለኛለህ። ተሳፍሬ ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ። ረዳቱ ድሮ በአባባ ጭነት መኪና ላይ ጎማ እየነፋ ያደገው ባለ ወርቅ ጥርሱ ነው። "እትዬ፣ አባባ ያውቃል?" አለኝ። ያውቃል አልኩት። ሰው ልኮበት ኖሮ አውቶቡሱ ሳይሞላ አባባ ደረቱን ይዞ በር ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ውሃ አምጡ፣ አየር ስጡት ሆነ፤ እኔም ክንዱን ይዤ ወደ ቤት መለስኩት። ሐኪሙ ልቡን አዳምጦ "ከኔ ልብ ይሻላል" አለኝ። መናኸሪያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እሱ ያሳደገው ነውና በዚያ በኩል መውጫ የለኝም።

ብቻውን እተወዋለሁ ብለህ አታስብ። ጡረታ የወጡት አዋላጅ ጎረቤታችን "እኔ ከሱ ጋር እሆናለሁ፣ አንቺ ሂጂ" ብለውኛል። እሱ ነው ማንንም የማይፈልገው።

መኪና ልግዛ ስለው ግን ደስ አለው፤ ሐኪም ቤት የማመላልሰው መስሎታል። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ራሱ መሆኑን አትርሳ። ዓይኑ ሞራ ከሸፈነው ወዲህ የሚያየው በጆሮው ነው፤ በራችን ላይ ያለፈውን ሰው በኮቴው ያውቀዋል። ድምጿን የጠየቅሁህ ለዚህ ነው። ቤንዚኗ ሹልክ ትላለች ብዬ ልቤ እሷ ላይ አርፏል።

በፈትል ፋብሪካው ከተማ አልፈህ ታውቃለህ አይደል? ምን ይመስላል? ደግሞስ ትፈርድብኛለህ?

እህትህ


ታኅሣሥ 16
ከካምፕ

እትዬ፤

አልፈርድብሽም። እኔ ከቤት ስወጣ ማንም ደረቱን አልያዘም። እንዲያውም አባባ ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ብሎ ነው፣ ወይስ እማማ በዚያው ዓመት ስላረፈች ነው፣ እንጃ። ብቻ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ አፈርኩ፤ ያንን ሸሚዝም እስካሁን አልለበስኩትም።

ፈቃድ ሰጥተውኝ ልምጣ ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁት። "ድልድዩ ሳያልቅ ሜካኒክ ከዚህ አይንቀሳቀስም" አለ። ድልድዩ እንኳን ሊያልቅ ገና ወንዙን አልተሻገረም። እንግዲህ ከዚህ የምረዳሽ በምክር ብቻ ነው።

ከተማውን አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ሰው አለበት። ሜዳ ነው፣ ልክ የለውም። ኳስ መሬት ላይ ብታስቀምጪ ሰው ካልመታት እዚያው ታድራለች። ለአሮጌ ፍሬን ከዚህ የበለጠ ቦታ የለም። ባትሪ የሞተበት ሰው ግን ጉድ ይፈላበታል፤ የሚያንከባልል ቁልቁለት ስለሌለ ግማሽ ሰፈር ተጠርቶ ይገፋል።

ቤንዚኗን እንደዚህ እያት። ከመድረስሽ በፊት አስተማሪው አሙቆ እንዳይጠብቅሽ፤ ሞተሯን በእጅሽ ነክተሽ ቀዝቃዛ መሆኗን አረጋግጪ። የዘይት ክዳኗን ክፈቺው፤ ውስጡ ነጭ አረፋ ካለ ውሃና ዘይት ተደባልቋልና አመስግነሽ ውጪ። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ካየሽም እንደዚያው። አስተማሪ መኪና በእርጋታ ይነዳል፤ ደህና ትሆናለች ብዬ አስባለሁ።

መኪናዋን ለማየት አባባን ይዘሽ ልትሄጂ ነው ወይ? ብትችዪ ባትወስጂው።

ጥቁር እጁ


ጥር 8
ከቤት

ወንድሜ፤

ይዤው ሄድኩ። እኔ ልውሰደው ብዬ አይደለም፣ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ጠበቀኝ። "ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው ጆሮዬ አልጠፋም፤ ያለኔ መኪና አትገዢም" አለ።

መጀመሪያ ወደ አስተማሪው ሄድን። ቤንዚኗ ያልካትን ሁሉ አሟልታለች፤ አረፋ የላት፣ ጭስ የላት፣ መቀመጫዋ ላይ ጨርቅ ተነጥፎላታል። አስተማሪው አስነሳት። አባባ እጁን ኮፈኗ ላይ አድርጎ ቆየና "መቼ ነው የምታስነሳት?" አለ። "ተነስታለች እኮ" አለው። አባባ ፊቱ ተለወጠ። "ይቺማ ድመት ናት" ብሎ ዘወር አለ። የከብት ሐኪሙ ግቢ ደርሰን ናፍጣዋ ስትነሳ የቆርቆሮው አጥር አብሮ ጮኸ። አባባ እጁን ሳያነሳ ሳቀ፤ መቼ እንደሳቀ ረስቼው ነበር። "ይቺን" አለ። ብለምነው፣ ጭሷን ብነግረው፣ የአንተን ስም ብጠራ አልሰማ አለ። ናፍጣዋ ተገዛች።

ልጽፍ ስቀመጥ ሰምቶኝ "ለሱም ንገሪው፣ እኔ የምልሽን ጻፊ" አለኝ። ያለውን እንዳለ ይኸው፦

"ልጄ፣ እንዴት ነህ? እህትህ በድመት ልትሄድ ነበር፣ አስጣልኳት። ቤንዚን ለፀጉር አስተካካይና ለአስተማሪ ነው። ናፍጣ ስትመጣ ትሰማለች፣ ስትሄድም ትሰማለች። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ አውቃለሁ፣ መስቀለኛው ጋ ስትቀንስ አውቃለሁ፤ ልጄ የት እንደደረሰች ቤቴ ተቀምጬ አውቃለሁ። ዓይን ለሌለው ሰው ከዚህ ሌላ ምን መኪና አለ? አለቃህን አክብር። በባዶ ሆድህ አትሥራ።"

እኔ በእጄ ጻፍኩት፣ ወንድሜ። እንግዲህ በዚህች ናፍጣ ተደብቄ ልሂድ ማለት ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ነው።

ይህም አልበቃ። የትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ደብዳቤ በመጣ ማግስት አዲስ ሥርዓት አወጣ። ከየትም ተመልሰን ናፍጣዋን ካቆምኩ፣ ሞተሯ ሳይበርድ ከኪሱ አሥር ቁጥር ቁልፉን አውጥቶ፣ እየዳሰሰ የባትሪውን ገመዶች ፈትቶ፣ ባትሪውን ተሸክሞ አልጋው ስር ያስገባዋል። ለምን ስለው "ሹፌር ከባትሪው ጋር ነው የሚተኛ፤ ሌባ አለ" ይላል። ሌባዋ ማን እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን። የመኪናዋ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ምን ያደርግልኛል?

ናፍጣዋ በራችን ላይ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ወደ ታች። የእጅ ፍሬኗ ስለማይዝ ጎማዋ ስር ድንጋይ አለ። ለዳይሬክተሯ ምን ብዬ ልጻፍላት?

እህትህ


ጥር 27
ከካምፕ

እትዬ፤

"እመጣለሁ" ብለሽ ጻፊላት!

ደብዳቤሽን ሳነብ ጮክ ብዬ ስቄ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባባ ድመቷን ትቶ የሚያገሳውን ገዛ፤ ሊጠብቅሽ ብሎ መውጫውን ራሱ ከፈተልሽ። ቤንዚኗ ብትሆን ኖሮ ያለ ባትሪ ካንዴላዋ እሳት ስለማይረጭ እንደ ቁም ሳጥን ቆማ ትቀር ነበር። ናፍጣ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። እሳት አትፈልግም፤ ሞተሩ ከዞረ አየሩን ራሱ አምቆ ያነደዋል። አሁን ሄደሽ አንድ ነገር እዪ። መሪው ስር ሞተሯን ለማጥፋት የምትስቢያት እጀታ አለች? ካለች ባትሪውን እርሺው። ያረጁት ናፍጣዎች የሚጠፉት በሽቦ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ጉዳይ የላቸውም።

ጠዋት በብርድ እንዳትሞክሪው፤ ሳትሞቅ እምቢ ትልሻለች። ከሐኪም ቤት በተመለሳችሁበት ቀን፣ አባባ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል፣ ሞተሯ ገና ትኩስ እያለ ነው። ቁልፉን አዙሪ፣ መሪው እንዳይቆለፍብሽ። ድንጋዩን አንሺ። ፍሪሲዮን ረግጠሽ ሁለተኛ ማርሽ አስገቢ፤ ዝም ብለሽ ተንከባለዪ። የሚንከባለል መኪና ድምፅ የለውም። ታች ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርሺ ፍሪሲዮኑን ልቀቂው። አባባ በሚሰማት ጊዜ አንቺ መስቀለኛው ላይ ነሽ። መንገድ ላይ ሞተሯን እንዳታጠፊ፤ መብራት ስለማይኖርሽ ፀሐይ ሳይጠልቅ ግቢ፤ ሌላ ባትሪ እዚያ ትገዣለሽ።

አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፤ ይህን ዘዴ ያስተማረኝ አባባ ነው። ልጅ ሆኜ፣ በዚያው ቁልቁለት፣ በጭነት መኪናው። ረስቶት ይሆናል፤ አርጅቷል። የስፌት ማሽንሽንስ እንዴት ልታወጪው ነው?

ጥቁር እጁ


የካቲት 13
ከቤት

ወንድሜ፤

እጀታዋ አለች፣ ጥቁር ናት። ማሽኑን "ለጥገና ነው" ብዬ ከአዋላጇ ጋር ናፍጣዋ ጀርባ ላይ ጭነነዋል፤ ሸራ አልብሼዋለሁ። ጠጋኙ ጠፋ እያልኩ እዚያው ከርሟል።

ለምን እስካሁን አልሄድሽም ትላለህ። ባለፈው ሳምንት ድንጋዩን ላነሳ ጎንበስ ስል ከውስጥ ሲያስል ሰማሁት። ተመለስኩ። ውሃ ሰጠሁት። ሌላ ቀን ደግሞ የሾርባውን ማንኪያ ፈልጎ በጣቱ ጠረጴዛውን ሲዳስስ አየሁት፤ ማንኪያው አጠገቡ ነበር። በቃ ቁጭ አልኩ። በሩ እኮ ክፍት ነው፤ እግሬ ነው የማይወጣው።

ዳይሬክተሯ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሽ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ ብላለች። ይቅር በለኝ፣ ያን ሁሉ አስተምረኸኝ። አባባ እየጠራኝ ነው።

እህትህ


መጋቢት 11
ከካምፕ

እትዬ፤

ቦቴው ሁለቴ ተመላለሰ፤ ከአንቺ አንዲት ቃል የለም። ሄድሽ ወይስ ቀረሽ? መንገድ ላይ ሆነሽ ይሆን? አባባ ሰማ? ታመመ? ወይስ እኔ ያልኩሽን ስትሞክሪ አንድ ነገር ሆንሽ? ፍሬኗን ሳላስፈትሽ ቁልቁለት የላክሁሽ እኔ ነኝና እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሄደሽም ከሆነ ብቻሽን እንዴት ተወጣሽው? ብትቀሪም አልቆጣም። ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 30
ከፈትል ፋብሪካው ከተማ

ወንድሜ፤

ደብዳቤህን አዋላጇ ወደዚህ ልከውልኝ ደረሰኝ። እንቅልፍ ስላሳጣሁህ ይቅር በለኝ። የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጠፍቶኝ ነው። ወጥቻለሁ። ደርሻለሁም። ናፍጣዋ አንድም ቦታ አልገተረችም። ሥራዬንም ጀምሬአለሁ፤ ተማሪዎቼ መቀስ እንደ ማረሻ ነው የሚይዙት፣ ግን ይወዱኛል መሰለኝ።

ብቻሽን እንዴት ተወጣሽው ላልከኝ፣ ብቻዬን አልነበርኩም።

በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ከሐኪም ቤት ተመለስን። እንደ ልማዱ ባትሪውን ፈትቶ ገባ፣ ምሳውን በላ፣ ጋደም አለ። ሳህኖቹን አጥቤ፣ እጄን አድርቄ፣ እንዳላየው ብዬ በመኝታ ቤቱ በር ሳልዞር አለፍኩ። ውጪ ደርሼ የናፍጣዋን በር ስከፍት አባባ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። ካፖርቱን ለብሷል፣ ባርኔጣውን አድርጓል፤ ባትሪው በፎጣ ተጠቅልሎ እግሩ መሀል ነው። በጓሮ በር በየት በኩል እንደዞረ እሱ ያውቃል።

"ድንጋዩን አንሺና ግቢ" አለኝ።

"አባባ፣ ወዴት?" አልኩት።

"ወደምትሄጂበት ነዋ። ማሽንሽ ሸራ ለብሶ ከኋላ ሲከርም ዓይኔ ባያይ እጄ የማይዳስስ መሰለሽ?"

"ባትሪውን ልግጠመው እንግዲህ።"

"ለምን? ቁልቁለት እያለ!"

ድንጋዩን አነሳሁ። ተንከባለልን። እሱ ራሱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ የጎማውን ድምፅ እያዳመጠ "ሁለተኛ ነው ያስገባሽው? ጎበዝ። ገና ነው... ገና... አትቸኩዪ... አሁን!" አለኝ። ለቀቅሁት። ናፍጣዋ ተንቀጥቅጣ አገሳች። አባባ ዳሽቦርዱን እየደበደበ እንደ ልጅ ሳቀ።

ዘዴውን አልረሳውም ነበር፣ ወንድሜ። ሁሉን ያውቅ ነበር።

መንገድ ላይ ጠየቅሁት። "ናፍጣዋን የመረጥካት ድምጿን ለመስማት ነው አላልክም?"

"እሱም አለ። ግን በዚያች ድመት ረጅም መንገድ አይኬድም" አለ።

"ታዲያ ባትሪውን ለምን ደበቅህ?"

"ጥለሽኝ እንዳትሄጂ ነዋ! ይህም ይጠየቃል?" ቀጥሎም "እንሂድ ብትዪኝ ቀድሜሽ እጫን ነበር። እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ላይ ኖሬ እዚያ ቤት ውስጥ መታጎር የምወድ ይመስልሻል? አልጠየቅሽኝም" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅሁትም። ያልጠየቅሁት አብሮኝ እንዲመጣ ስላልፈለግሁ ነው። ይህን ደግሞ በፊቱ መናገር አልቻልኩም። ሽታው የዘይት፣ የአቧራ ነበር፤ እሱ እያንዳንዱን ድልድይ በጎማው ድምፅ እያወቀ ስሙን ሲጠራ ዋለ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ወደድኩት። መሪውን እንደያዝኩ ደግሞ አለቀስኩ። እንባ ድምፅ የለውም ብዬ ነበር፤ እሱ ግን መሀረቡን አውጥቶ ሰጠኝ። ለእሱ ያለቀስኩ ነው የመሰለው። እኔን ያስለቀሰኝ ያ በር ነው።

ክፍሉ እንደተባለው ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። አልጋው ላይ እሱ ይተኛል፤ እኔ መሬት ላይ በአልጋውና በበሩ መሀል አንጥፌአለሁ። የበሩ ቁልፍ አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። የመጀመሪያ ቀን ልቆልፈው ስነሳ "ተይው፣ ብሞት ማን ይገባል?" አለኝ። እኔ አጠገቡ ተኝቼ! አልሸሹም ዞር አሉ ማለት እኔ ነኝ። ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

እሱ ግን ተመችቶታል። ሰፈሩን በሁለት ቀን በጆሮው አወቀው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮቴዬን ከሩቅ ይለየዋል፤ ከዘገየሁ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ሰላም ብሎሃል፤ "ና፣ እዚህ አየሩ ጥሩ ነው" በዪው ይላል።

የደረስን ዕለት ናፍጣዋን ካቆምኩ በኋላ ባትሪውን ራሱ ገጥሞ ሞተሯን አስነስቶ አዳመጣት፤ ደህና ናት አለ። ከዚያ አጥፍቶ አሥር ቁጥሯን ከኪሱ አወጣና ገመዶቹን ፈታ። ባትሪው ይኸው አልጋው ስር ነው፣ እግሬን ስዘረጋ ይነካኛል።

ትናንት ከሥራ ስወጣ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆሜ አየሁት። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ውለው ወደ ቤታቸው እየገቡ ነበር። እንዳልከኝ ነው፤ ቁልቁለት የለውም፤ ኳሷ መሀል መንገድ ላይ በተተወችበት ቆማለች።

እህትህ